የማዳመጫ ክፍል ቁልፍ ያዥ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ሰኞ ነበር። ደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥሬ ነው። ሥራ የሚገባው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ግን አረፍድ ይሆናል ብዬ ስለሰጋሁ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ጥበቃው ጋቢውን እንደተከናነበ ብቅ አለና፣ «እትዬ፣ ለቀብር ከሆነ ቤተ ክርስቲያኑ በዚያ በኩል ነው» አለኝ።

«ለሥራ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«እንግዲያው ሥራው ራሱ ገና አልነቃም» አለና ገብቼ እንድቀመጥ በርጩማ ሰጠኝ።

የንብረት ክፍል ኃላፊው ጋሽ ለማ መጥረጊያ፣ ባልዲና መወልወያ አስፈርመው ሰጡኝ። ከዚያ ስንተኛ ክፍል እንደደረስኩ ጠየቁኝ።

«አንኮበር ስድስተኛን ጨርሼ ነው ያቆምኩት።»

«እንግሊዝኛ ታነቢያለሽ?»

«ፊደሉንና ቁጥሩን አውቃለሁ። ትርጉሙን አላውቅም።»

«ትርጉሙ የአስተማሪዎቹ ጉዳይ ነው» አሉና ከመሳቢያቸው አንድ ቁልፍ አውጥተው ጨመሩልኝ። የእንግሊዝኛ ማዳመጫ ክፍል ቁልፍ ነበር። ያንን ክፍል ለመረከብ የሚፈልግ ሰው አልነበረም፤ ዕቃ ከጠፋ የሚጠየቀው የፈረመው ነውና። እኔ ይህን አላወቅሁም። ፈረምኩ።

ማዳመጫ ክፍል ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ድሮ የስፖርት ዕቃ ይቀመጥበት የነበረ ክፍል ነው። የከተማችን ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንገጫግጨው ድምፅ ስለማይሰማ በመስኮቶቹ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ተወጥሯል። ፊት ለፊት ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ በብረት ሳጥን የሚቆለፍ ቴፕ። ካሴቶቹ የመጡት ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ነው። በውስጣቸው የውጭ አገር ቤተሰብና ተማሪዎች ስለ ዕለት ኑሯቸው ያወራሉ፤ ስለ ቁርስ፣ ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ቤት ሥራ፣ ስለ ልደት። ተማሪው ሁለት ጊዜ ይሰማል። በመጀመሪያው ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ በሁለተኛው ጥያቄ ይመልሳል።

መጀመሪያ ላይ ቴፑን የሚከፍቱት አስተማሪዎቹ ነበሩ። የእኔ ሥራ መጥረግና መቆለፍ ብቻ ነው። አንድ ቀን አንዱ አስተማሪ ቸኩሎ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ አብሮ ተጫነው። የዚያ ቤተሰብ ምሳ ግማሹ ጠፍቶ በምትኩ የአስተማሪው ሳልና የወንበር ኳኳታ ገባበት። ያ ቤተሰብ ከሾርባው በኋላ ምን እንደበላ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲያ ከአስካለ በቀር ማንም ቴፑን እንዳይነካ ተባለ።

አስካለ እኔ ነኝ። እኔ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ሳላይ አልነካም። ከቤት ስወጣ በሩን ቆልፌ ተመልሼ እገፋዋለሁ፣ ደግሜ እገፋዋለሁ። ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል። ለቴፕ ግን እንዲህ ዓይነት ሰው ጥሩ ነው። ጠዋት ጠዋት የካሴቱ ክር የሚያልፍበትን ቦታ በአልኮል በራሰ ጥጥ እወለውላለሁ። የላላ ክር ካየሁ እርሳስ ከቀዳዳው አስገብቼ አጠብቀዋለሁ። መብራት ቢጠፋ ብዬ ባትሪ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ።

ከዓመታት በኋላ ካሴቱ ቀርቶ ፍላሽና ስፒከር መጣ። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን መርጦ መጫን ነው። ቋንቋውን ስለማላውቅ የእያንዳንዱን የመጀመሪያ ድምፅ በደብተር ጻፍኩ። ሁለት ቁጥር የሳህን ድምፅ። አምስት የመኪና ጥሩንባ። ዘጠኝ የበር ደወል። አሥራ አንድ ስልክ። በዚህ ዓይነት ተሳስቼ አላውቅም።

የእንግሊዝኛ ክፍል ተጠሪው መምህር ታደለ ለጥያቄ የማይሰለች ሰው ነው። «ምንድን ነው የሚባባሉት?» ስለው ቁጭ ብሎ ይነግረኛል። በሁለት ቁጥር ላይ አባትየው እንቁላል ጠብሶ ያሳርራል። ልጅቷ ይህን ውሻችንም አይበላውም ትላለች፤ ውሻው ይጮሃል። ተማሪዎቹ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ይስቁ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

አንድ ዓመት ላይ ሳቁ ቀረ። ውሻው ይጮሃል፣ ሃምሳ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። ስፒከሩ ተበላሽቶ ነው ብዬ ደነገጥኩ። አቧራውን ጠረግሁ፣ ሽቦውን አስቀየርኩ፣ ስፒከሩን ከጠረጴዛ አንስቼ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። ጋሽ ለማን ጠርቼ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና፣ «ይሰማል?» አልኳቸው።

«ኧረ ውሻው ሊነክሰኝ ነው» አሉ።

ዕቃው ደህና ነበር። ልጆቹ ግን አልሳቁም። በሚቀጥለው ዓመትም አልሳቁም። ነጥባቸው ግን በጣም አደገ። ከአሥር ዘጠኝና አሥር ነው የሚያመጡት። የክፍሉ አማካይ ነጥብ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ።

ብርቱካን የመጣችው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ቤተሰቦቿ ከወለጋ ተፈናቅለው ከከተማው ዳር ባለው መጠለያ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። የትምህርት ማስረጃዋ በዚያው ጠፍቷል። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው። ትምህርት ቤቱ ዘጠነኛ ክፍል በሙከራ ተቀበላት፤ በሴሚስተሩ መጨረሻ በማንኛውም ትምህርት ከግማሽ በታች ካመጣች ወደ ሰባተኛ ክፍል ትወርዳለች ተባለ። በሌላው ሁሉ አለፈች። እንግሊዝኛ ላይ የሚጥላት የማዳመጥ ፈተናው ነበር። በመጀመሪያው ከአሥር አራት አመጣች። በሁለተኛውም አራት። የቀረው ሦስተኛው ነው።

ከትምህርት በኋላ ስጠርግ በር ላይ ትቆማለች። «እትዬ፣ አንዴ ብቻ ልስማ?» ትለኛለች። የፈተናዎቹን ቁጥሮች አላሰማኋትም፤ የመለማመጃዎቹን ከፍቼላታለሁ። መጥረጊያዬን ይዤ እቆማለሁ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ሁለት ቁጥርን የከፈትኩላት ዕለት ውሻው ሲጮህ ሳቀች። ከስንት ዓመት በኋላ በዚያ ክፍል የሰማሁት የመጀመሪያው ሳቅ ነበር።

«ወደ ሰባተኛ መውረዱ ምኑ ያስፈራሻል?» አልኳት።

«እማዬ ሰባተኛ ከሆነ ይቅርብሽ ብላኛለች። ሠራተኛ የሚፈልግ ሰው ቤት አለ።»

እኔ ከስድስተኛ ወጥቼ በአሥራ አምስት ዓመቴ የሰው ቤት ገብቻለሁ። ከትምህርት ሲወጡ የሚመለሱ ይመስላል። አይመለሱም።

በዚያው ሳምንት ክፍሉን ስጠርግ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከዴስክ ሥር ወድቆ አገኘሁ። የእኛ መጽሐፍ የተማሪው አይደለም። ከትምህርት ቤቱ በውሰት ይወስዳል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ይመልሳል፣ ለሚቀጥለው ተማሪ ይሰጣል። የሽፋኑን ጀርባ ብገልጠው ከላይ የመለማመጃዎቹ መልስ በየቁጥሩ፣ ከሥሩ በእርሳስ ሦስት ረድፍ ፊደል ተጽፏል። ቢ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኤ፣ ሲ እያለ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ረድፍ አሥር ፊደል። ፈተናው ሦስት ነው፣ ጥያቄው አሥር አሥር። ጥያቄዎቹ ከፍላሹ ጋር ከመጡበት ጊዜ ጀምሮ ተለውጠው አያውቁም። መልሱ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ይረከባል ማለት ነው።

ልጄ ምሕረት ከብርቱካን ጋር አንድ ክፍል ነች። ቤት ሄጄ መጽሐፏን ገለጥኩት። እሱም ላይ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ሲሰጡኝ ነበረበት። እኔ አልጻፍኩትም።»

«ትሠሪበታለሽ?»

«እማ፣ ሁሉም ይሠራበታል። እኔ ብቻ ልውደቅ?»

«ብርቱካንስ?»

«እሷ በመሀል የመጣች ናት። መጽሐፍ አልቆ ፎቶ ኮፒ ነው የተሰጣት። የሷ ሽፋን የለውም።»

በማግስቱ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። አቶ ሰይፉ ይባላሉ። በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ፤ እትዬ ብለውኝ ግን አያውቁም። ስለ መጽሐፎቹ ነገርኳቸው።

«አስካለ፣ አንቺ እንግሊዝኛ አትችይም» አሉኝ። «እነሱ ዘጠነኛ ክፍል ናቸው።»

«አልችልም። እጃቸውን ግን አያለሁ። ድምፁ ጥያቄው ጋ ሳይደርስ ጽፈው ይጨርሳሉ።»

«ጎበዝ ተማሪ ይፈጥናል።»

«ሃምሳው ሁሉ?»

«ስሚ፣ የዚህ ክፍል ነጥብ የትምህርት ቤታችን ስም ነው። ያቺ ልጅ መሠረቷ ደካማ ነው፤ ዝቅ ብትል ለራሷ ይጠቅማታል። ያንቺ ሥራ መክፈትና መዝጋት ነው። ክፈቺ፣ ዝጊ።»

ታደለ ጋ ሄድኩ። «አውቃለሁ እትዬ» አለኝ። «ጥያቄው ይቀየር ብዬ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ። ነጥቡ ከወረደ ለምን ወረደ ተብለን እንጠየቃለን አሉኝ።»

«ልጅቷስ?»

ደወል ተደወለና ወደ ክፍል ገባ። እኔም ያሰብኩትን አልነገርኩትም። ካወቀ ከእኔ ጋር ይጠየቃል።

ሦስተኛው ፈተና ሐሙስ ጠዋት ነበር። የብርቱካን ጉዳይ ስለሚወሰንበት አቶ ሰይፉ ራሳቸው መጥተው ፊት ለፊት ቆሙ። ታደለ ወረቀት አደለ። ሦስተኛው ፈተና ዘጠኝ ቁጥር ነው፤ የአንዲት አያት ልደት ላይ የተሰበሰበ ቤተሰብ ነው የሚያወራው። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁት። የስፒከሩን ቁጥር አየሁ። ደግሜ አየሁ። ሦስተኛም አየሁ። አሥራ አንድን ተጫንኩ።

ስልክ ጮኸ። ቦርሳውን አውቶቡስ ላይ የረሳ ተማሪ ለእናቱ እየደወለ ነው። ማንም ቀና አላለም። እስክሪብቶው ሁሉ ይሄዳል። ታደለ ብቻ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። አቶ ሰይፉ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው በመደዳዎቹ መሀል ይንጎራደዳሉ።

ብርቱካን እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ወረቀቱ ስለ ልደት ነው የሚጠይቀው። እነሱ የሚያወሩት ግን አውቶቡስ ላይ ስለቀረ ቦርሳ ነው።»

«ብርቱ፣ ዝም ብለሽ አክብቢ!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ። ከሳቁት መካከል የልጄን ድምፅ ለየሁት።

«ተቀመጪ» አሉ አቶ ሰይፉ። «ሌሎቹ እየሠሩ አይደል እንዴ?»

ድምፁን አቆምኩት። «አቶ ሰይፉ፣ ልክ ናት» አልኩ። «የተከፈተው አሥራ አንድ ቁጥር ነው። ስለ ልደት አንድ ቃል አልተባለም።»

ታደለ ወረቀቱን ሰበሰበ። አሥሩም ጥያቄ ተመልሷል። አያትየው ስንት ዓመት እንደሞላቸው፣ ኬኩን ማን እንደጋገረ፣ ማን ዘግይቶ እንደመጣ። ባዶ የነበረው የብርቱካን ወረቀት ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተጠራሁ። አቶ ሰይፉ ደብዳቤ አስተይበው ጠበቁኝ። ቁጥር ተሳስቼ በስህተት ሌላ ድምፅ ስለከፈትኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ ይላል። «ፈርሚ» አሉ። «ነገ ዘጠኝ ቁጥር ተከፍቶ ፈተናው ይደገማል፣ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።»

«ብርቱካንስ?»

«እንደ ነጥቧ ይሆናል።»

«እኔ ቁጥር አልተሳሳትኩም። ሦስት ጊዜ አይቻለሁ።»

«ሴትዮ፣ ይህ እኮ አንቺን ለማዳን ነው። ፈተና ሆን ብሎ ያበላሸ ሠራተኛ ዲሲፕሊን ይቀርባል፣ ከሥራ ሊሰናበት ይችላል። ልጅ እያሳደግሽ ነው።»

«ስለ ልጅ ብዬ ነው ያደረግሁት።»

ከፊታቸው ካለው ክምር አንድ ወረቀት መዘው አሳዩኝ። የምሕረት ነበር። «ነገሩ ከዚህ ቢሮ ከወጣ ያንቺም ልጅ ኮራጅ ትባላለች።»

ይህን አስቀድሜ አስቤበታለሁ፤ ቢሆንም ስሟን በራሷ እጅ ጽሑፍ ሳየው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ፈሪ ሴት ነኝ። ልጄ ትንሽ ዘግይታ ስትመጣ አስፋልት ድረስ ወጥቼ የምጠብቅ ሰው ነኝ። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ልፈርም እጄን የዘረጋሁበት ጊዜ ነበር፤ አልዋሽም። ከዚያ ግን አየሁት። ብፈርም የእኔ ልጅ ባልሰማችው ነገር ዘጠኝ ታገኛለች፣ የሰማችዋ የሰው ቤት ትገባለች። ከፈረምኩ ያንን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

«ትባል» አልኩ። «ብርቱካን ያመጣችው አራት የራሷ ነው። የኔ ልጅ ዘጠኝ የማንም አይደለም።»

እስክሪብቶውን ተቀብዬ ከደብዳቤው ግርጌ ጻፍኩ፤ «በስህተት አይደለም። አውቄ ነው የከፈትኩት። መልሱ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ስላለ ነው።» ስሜን ጻፍኩና ፈረምኩ። አቶ ሰይፉ አነበቡትና፣ «ደብዳቤ አበላሸሽብኝ» አሉ። እንዲህ ተጽፎበት የተፈረመ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አይቀርም። ወደ ርዕሰ መምህሩና ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ መሄድ ነበረበት። ሄደ።

ኮሚቴው መጽሐፎቹን አስሰበሰበ። ሽፋኖቹን አንድ በአንድ ገለጡ። ታደለ የጻፋቸውን ሁለት ማመልከቻዎች ይዞ ቀረበ፤ እኔ ከተናገርኩ በኋላ እሱም ተናገረ። የሁሉም ተማሪዎች ሦስቱም የማዳመጥ ፈተና ተሰረዘ። ታደለ በሦስቱ ፈንታ በአሥራ ሁለት ቁጥር ላይ አዲስ ጥያቄ አወጣ። ብርቱካን ስድስት አመጣች። ከእሷ የበለጠ አንድ ልጅ ብቻ ነው። አብዛኛው ሁለትና ሦስት አገኘ። ምሕረት ሁለት።

ብርቱካን ዘጠነኛ ክፍልን ቀጠለች። አሁን አሥራ አንደኛ ናት።

እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። የተሰጠበት ምክንያት ያለ ፈቃድ የፈተና ሂደት ማወክ ይላል። አነበብኩት፣ መቀበሌን ፈረምኩ፣ አንዱን ቅጂ ቤቴ አስቀመጥኩ። ቁልፉንም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ወሰዱብኝ። ወደ መጥረጊያዬ ተመለስኩ። አቶ ሰይፉ በኮሪደር ሲያልፉ ሰላም አይሉኝም ነበር። እኔ ሰላም እላቸው ነበር፤ ጮክ ብዬ።

ከሁሉ የከበደኝ ቤቴ ነበር። ምሕረት ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። የክፍሏ ልጆች «የእናትሽ ስልክ እየጠራ ነው» እያሉ ያላግጡባት ነበር። ዛሬም ስንጣላ፣ «አንቺ ባትኖሪ ዘጠኝ ነበረኝ» ትለኛለች። «አዎ፣ ነበረሽ» እላታለሁ። የምጨምረው ነገር የለኝም። በዚያው ዓመት መጨረሻ በራሷ ጆሮ ሰምታ አምስት አመጣች። ያንን ወረቀት ደብቃ አስቀምጣዋለች፤ የት እንዳለ አውቃለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ቁልፉ ተመለሰልኝ። ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ ይቅርታ የጠየቀኝም የለም። ጥያቄው አሁን በየሴሚስተሩ ይቀየራል። ነጥቡ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም፤ ለመለጠፍ የሚበቃ አይደለም።

በየትምህርት ቤቱ ቁልፍ ለምትይዙ፣ በር ለምትከፍቱ፣ ክፍል ለምትጠርጉ የሥራ ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር ነው። ክፍሉ ሁሉ አልፎ አንድ ልጅ ብቻ ሲወድቅ ካያችሁ፣ ልጁን ከመመርመራችሁ በፊት ፈተናውን መርምሩ።